የኦቦ ዳባ አፍንጫ

ባለፈው ሐሙስ አንድ የጉደር መምህር፣ መኪናው መንገድ ላይ እያስነጠሳት፣ እንደ ምንም ብሎ ጋራዤ ደረሰ። የማደያ ሰልፍ ሰልችቶት መንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ ከሚሸጡት ነበር ቤንዚን የገዛው። ከታንኩ ትንሽ ቀዳሁና የእጄ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጌ፣ አሸት አሸት አድርጌ፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ዓይኔንም ጨፈን አደረግኩ። ይቺን ዓይን መጨፈን ሃያ ዓመት ሠርቼባታለሁ፤ ደንበኛ ይወዳታል። "ንጹህ ነው፤ ችግሩ ካንዴላው ነው" አልኩት።

አብራኝ የምትሠራው መካኒክ ሌንሳ ከሌላ መኪና ሥር ወጥታ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣች። ጎንበስ ብላ ከዚያው ቤንዚን ጣቷን ነከረች፣ አሸተተች፣ ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለመምህሩ፣ ግማሹ ላምባ መሆኑን ነገረችው። ሰውየው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ ሁለቱንም ጊዜ "ሌንሳ አለች?" ብሎ ነው የጀመረው።

ምን ልበላችሁ፣ ተቃጠልኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ ጋራዡ የእኔ ነው፣ ልጅቷንም ሥራ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ይህ ሁሉ ሆኖ ቀናሁባት። ደግሞ የሚያናድደው ልጅቷ ትክክል ናት። እኔ ምንም አልሸተተኝም። ኮሮና የያዘኝ ጊዜ የጠፋው ማሽተት እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ይህን ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም። አራት ዓመት ሙሉ ዓይኔን እየጨፈንኩ በግምት ስናገር ኖሬአለሁ።

ያንን ቅናት ግን በደንብ አውቀዋለሁ። የተዋወቅነው ከአሥር ዓመት በፊት፣ በአንዲት ሰማያዊ ቮልስ የተነሳ ነው። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው የድሮ ወግ ሊያወራ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ ዕድሜ በዓመት አይቆጠርም፤ ወገቤን ብታዩት ታምኑኛላችሁ።

ያኔ አምቦ ውስጥ ኦቦ ዳባ የሚባሉ ሰው ጋራዥ ነበር የምሠራው። ኦቦ ዳባ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጸሎተኛ ሰው ነበሩ። ሳይሳደብ ሞተር የሚያወርድ መካኒክ ከሳቸው በቀር አይቼ አላውቅም። ለዓመታት ቤንዚን በጎማ በአፋቸው ሲስቡ ኖረው፣ ላዩ ላይ የሳይነስ ሕመም ተጨምሮበት፣ ማሽተት ካቆሙ ቆይተው ነበር። እሳቸው ግን እንደ እኔ አልደበቁትም። ለደንበኛውም ለጎረቤቱም "አፍንጫዬ ሞቷል" እያሉ ይስቁ ነበር።

ስለዚህ ቤንዚን ሲመጣ የእጃቸውን ጀርባ ዘርግተው ጠብ ያደርጉና "ቶሌራ፣ ኮቱ" ይሉኛል፤ ና ማለታቸው ነው። እጃቸው ላይ ጎንበስ ብዬ አሸታለሁ። "ቁልቁሉዳ?" ይላሉ፣ ንጹህ ነው ወይ። ንጹህ ነው ካልኩ ያለ ተጨማሪ ቃል ይሞላል። ላምባ አለበት ካልኩ ጀሪካኑ ወደ መጣበት ይመለሳል። ቤንዚን ሲጠፋ ላምባ የማይቀላቅል ነጋዴ በማይገኝበት ዘመን ይህ ቀላል ሹመት አልነበረም። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ይህንኑ ስሠራ ኖርኩና የከተማው ሾፌሮች የኦቦ ዳባ አፍንጫ የሚል ስም አወጡልኝ። ሲጠሩኝ የተናደድኩ እመስላለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር። ባለቤታቸው አዴ ብርቄ ጭኮ ይዘው ሲመጡ፣ ያ በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት መጀመሪያ የሚታደለው ለእኔ ነበር። ትንሽ ነገር ነው፤ ለእኔ ግን ትንሽ አልነበረም።

ከዚያ ሲሳይ መጣ።

የመጣው ሐምሌ ላይ ነው፣ የጋራዡ ግቢ ጭቃ ብቻ በሆነበት ወቅት። እናቱ ነርስ ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን ወደ አምቦ ተዛውረው እሱም ተከትሏቸው መጣ። ቴክኒክና ሙያ አውቶ ተምሮ ጨርሷል። ቱታው የታጠበ፣ ጥፍሩ የተቆረጠ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ትንሽ ደብተር። መካኒክ ደብተር ይይዛል? ሳቅንበት። እሱም አብሮን ሳቀ። ይኸው ነው ያስጠላኝ፤ ሰው ሲስቅበት ቢኮርፍ ኖሮ ምናልባት እንዋደድ ነበር።

አራት ወር ሳይሞላው ኦሮምኛ ለመደ። አዴ ብርቄን እንዴት አደሩ ብሎ ሲጠይቃቸው ከብታቸውን፣ እህላቸውን፣ የደንዲ ዘመዶቻቸውን አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ አድጌ እንደዚያ አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ጭኮው መጣና መጀመሪያ ለእሱ ተሰጠ። እንግዳ ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በሳምንቱም ለእሱ ተሰጠ።

አሁን ወደ ቮልሷ ልምጣ። ኦቦ ዳባ ተራ መካኒክ ሆነው ሥራ የጀመሩ ጊዜ የገዟት ሰማያዊ ቮልስ ነበረቻቸው። የአንድ የጉደር ጋራዥ ባለቤት ደግሞ ነጭ ቮልስ ነበረው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ የማን ቮልስ ትቀድማለች በሚል ተከራከሩ። ሬሳው ገና አልወጣም እኮ! ሽማግሌዎች ቆጧቸው፤ ከቀብር መልስ ግን ክርክሩ ቀጠለ። ኦቦ ዳባ ውርርድ ኃጢአት ነው ስላሉ የተሸነፈው ወገን ያሸነፈውን ጋራዥ ምሳ እንዲያበላ ተስማሙ። ከአምቦ ወጣ ብሎ ወደ ወንጪ በሚወስደው በኩል አዲስ የተነጠፈ፣ ገና ለመኪና ያልተከፈተ አስፋልት ነበር። አራት መቶ ሜትር ቀጥ ያለ ቦታ ተለካ። የመንገዱ ዘበኛ የኦቦ ዳባ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለነበር ፈቀደልን። ቀኑ ኅዳር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ጧት ተባለ።

በጋራዣችን አንድ ልማድ ነበር። ነዳጁን የመረጠ ይነዳል። ኦቦ ዳባ ያወጡት ሕግ ነው፤ ሰው የመረጠውን ነገር ራሱ ይቅመሰው ይሉ ነበር። ነዳጅ የምመርጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ የምነዳው እኔ ነኝ። ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ለእናቴ ግን ነግሬአታለሁ። ለሰፈር ሁሉ ነገረች።

አዲስ አበባ የመኪና ውድድር የሚወዱ ሰዎች ጋ የሚሠራ የአክስቴ ልጅ ነበረኝ። በስልክ ስለ ውድድሩ ነገርኩትና፣ ለውድድር መኪና ብቻ የሚሆን፣ ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን እንዳለ አጫወተኝ። ኦክቴን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ከፍ ያለ ማለቱ በቃኝ። ስልኬን ሸጥኩና አንድ የታሸገ ቆርቆሮ በአውቶቡስ ላከልኝ። ስከፍተው የወጣው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ትዝ የሚለው ይመስለኛል፤ ከማደያው ቤንዚን የተለየ፣ ጣፈጥ ያለ፣ የሐብታም ቤት የሚመስል ሽታ። እንዲህ የሚሸት ነገር ጉልበት ከሌለው ምን ጉልበት ይኖረዋል አልኩ።

ኦቦ ዳባ ፊት፣ ሁሉም ባለበት፣ ቆርቆሮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሲሳይ ያቺን ደብተሩን አወጣ። አልሳቀብኝም፣ አላናናቀኝም፤ ረጋ ብሎ ነው የተናገረው።

"ኦክቴን ጉልበት አይደለም ቶሌራ፤ ትዕግሥት ነው። ፒስተኑ ሲጨምቀው ያለ ጊዜው ሳይቀጣጠል የሚቆይበት አቅም ነው። ይቺ ሞተር አሮጌ ናት፣ ኮምፕሬሽኗ ዝቅተኛ ነው፣ ብዙ አትጨምቅም። የማትጨምቅ ሞተር ታጋሽ ቤንዚን ምን ያደርግላታል?"

ቀጠለና አምቦ ከፍታ ቦታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሯ እዚህ ከዝቅተኛም ዝቅ ብላ ነው የምትጨምቀው አለ። ለእሷ የሚሻላት ተራ የማደያ ቤንዚን ነው፤ ግን ትኩስ፣ ላምባ ያልነካው፣ ቦቴው ማደያ በገለበጠበት ቀን የተቀዳ፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ። ቤንዚን ክፍት ሲውል ቶሎ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ተንኖ ይጠፋል፣ ብርድ ላይ የሚያስነሳን ደግሞ እሱ ነው አለ። ለዚህ ጊንጪ ማደያ ቦቴ የሚገባበትን ቀን አጣርቷል።

ዛሬ ይህን ሁሉ ለሌንሳ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ቃል በቃል፣ "ትዕግሥት ነው" የምትለዋን ሳይቀር። ከማን እንደሰማሁት ግን አልነገርኳትም። ያን ቀን የተናገረው ሁሉ ትክክል እንደሆነ ውስጤ ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ሰው ትክክል ያልሆነውን እንዲያ አይጠላም። ይሄ ልጅ እኔ እንዳልነዳ ነው የሚፈልገው አልኩ። ትዕግሥት! ማን ሆነና ነው ትዕግሥት የሚያስተምረኝ።

ኦቦ ዳባ ቆርቆሮውን አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ልማድ ሆኖባቸው ነው እንጂ አይሸታቸውም። ከዚያ መልሰው አስቀመጡትና ወደ እኔ ሳያዩ፣

"የጊንጪው ይሁን። ሲሳይ ይንዳ" አሉ።

ሰው ፊት ማልቀስ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ካቻቢቴ የሚፈልግ መስዬ መሣሪያ ሳጥኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ብዙ ቆየሁ። ቤት ስገባ እናቴ "የምትነዳ ቀን ምን ልልበስ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ሲሳይ ሐሙስ ጊንጪ ሄዶ ትኩሱን ቤንዚን በነጭ ጀሪካን አመጣ። ክዳኑን በላስቲክ አስሮ ጥላ ውስጥ አስቀመጠው። ካርቡሬተሩን አጸዳ፣ ታይሚንጉን፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት፣ ለዚያ ቤንዚን አስተካከለ፣ በደብተሩ ጻፈ። አርብ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ ብርድ ብርድ ብሎኛል ብዬ ቀረሁ። የጊንጪውን ቤንዚን ሌላ ጀሪካን ውስጥ ገለበጥኩና በነጩ ጀሪካን የእኔን ቆርቆሮ ሞላሁበት። ላስቲኩን እንደነበረ መልሼ አሰርኩ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ሂሳቤ ደግሞ ብልጥ መስሎኝ ነበር፤ ካሸነፈ የእኔ ነዳጅ መሆኑን አወጣለሁ፣ ከተሸነፈ የተሸነፈው እሱ ነው። በሁለቱም በኩል የማልከስርበት መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። ቅናት ሰውን እንዲህ ጎበዝ ያደርገዋል።

ቅዳሜ ጧት ብርዱ ለጉድ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የደረሰ ጤፍ ተኝቷል፣ ላዩ ላይ ውርጭ። አዴ ብርቄ ትኩስ ጨጨብሳ በሰሐን ይዘው መጥተው ነበርና በእጃችን እየቀመስን ጣታችንን አሞቅንበት። ቮልሷን እዚያ ድረስ በተራ ቤንዚን ነድተን አመጣናት። እንደደረስን ሲሳይ ታንኩን በጎማ አጋብቶ ባዶ አደረገው። ከዚያ ካርቡሬተሩን ሊያስተካክል ከኋላ ሞተሩ ላይ ተደፋ።

ኦቦ ዳባ ነጩን ጀሪካን አነሡ። ላስቲኩን ፈቱ። የእጃቸውን ጀርባ ዘርግተው ጠብ አደረጉና ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣

"ቶሌራ፣ ኮቱ" አሉኝ።

አላሰብኩትም ነበር። ሲሳይ ከመረጠ በኋላ ይጠሩኛል ብዬ አላሰብኩም። ጎንበስ አልኩ። እጃቸው በብርዱ ቀዝቅዟል፣ በእርጅና የተሰነጣጠቀው ቆዳ ውስጥ ያ ጣፋጭ ሽታ ገብቷል። ለማንም አፍንጫ ግልጽ ነው፤ ለእሳቸው ብቻ ምንም ነው።

"ሲሳይ ከጊንጪ ያመጣው ነው?" አሉኝ። እንደ ወትሮው ቁልቁሉዳ ቢሉኝ ኖሮ ንጹህ ነው ብዬ ሳልዋሽ አመልጥ ነበር።

"አዎ፣ እሱው ነው" አልኩ።

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና ሞሉት።

የጉደሮቹ ዘገዩ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመን ጠበቅናቸው፤ ሞተሯም በረደች። በመጨረሻ ነጯ ቮልስ ጡሩምባዋን እየነፋች መጣችና ተሰለፉ። ሲሳይ ገብቶ ሞተሪኖውን ነካ። ተንጫረረ እንጂ አልነሣም። ደገመ። ሠለሰ። ቾክ ሳበ፣ አሁንም እምቢ አለች፣ ካንዴላዎቹ ረጠቡ። አወጣቸው፣ በአንገት ልብሱ ጠረጋቸው፣ መለሳቸው። የጉደሮቹ ተራ በተራ ይቀልዱ ጀመር። ባትሪው ሲደክም ገፍተን አስነሣናት፤ እኔም ገፋሁ፣ በሙሉ ኃይሌ ነው የገፋሁት። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ዘበኛው ባርኔጣውን ጣለ፣ ተለቀቁ። ነጯ ወጣች። የእኛዋ ደንገጥ ብላ ቆመች፣ ተንተባተበች፣ ከዚያ ነው የተነሣችው። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሯ ሞቆ ትከተላት ጀመር፣ ትደርስባት ጀመር። ኦቦ ዳባ ከጎኔ ቆመው በኦሮምኛ ድምፅ አውጥተው ይጸልዩ ነበር። አልደረሰችም። በአንድ መኪና ርዝመት ተቀደመች።

ምሳው ጉደር ነበር፣ ጋባዦቹ እኛ። ጥብስ፣ ቆጮ፣ ከጎኑ አይብ። የጉደሩ ሰውዬ ሲሳይን "መጽሐፍ የሚያነበው መካኒክ" እያለ ቀለደበት፤ ሲሳይ ደብተሩን አውጥቶ ታይሚንጉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም አለ። ራሱን ነው የወቀሰው። ኦቦ ዳባ እንደተለመደው አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ፣

"ከዛሬ ጀምሮ ነዳጅ የሚመርጠው ቶሌራ ነው። እንደ ድሮው" አሉ።

እውነቱን ልናገር። ደስ አለኝ። አፈርኩ፣ አዘንኩ ብል ውሸቴን ነው፤ ያኔ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ቆጮው ጣፈጠኝ፣ ጥብሱን ደገምኩ። አዴ ብርቄ ከሲሳይ ፊት ያለውን ሳይሆን ከእኔ ፊት ያለውን ሰሐን ሞሉ። ከምሳ በኋላ የጉደርን ወንዝ እያየን ስንመለስ ዘፈን ሁሉ ጀምሬ ነበር።

ከሰዓት ጋራዥ ተመለስን። ሲሳይ ጥፋቱን ሳያገኝ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አይደለም። ከቮልሷ ታንክ የተረፈውን ቤንዚን ቀዳ። የሆነ ነገር ሊለካ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን እንደ እኛው የእጁን ጀርባ ዘረጋና ጠብ አደረገ። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ በመጣ በሳምንቱ። አሸተተ። እጁን ከአፍንጫው ሳያወርድ ቀና ብሎ አየኝ።

ኦቦ ዳባ ከበሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ። ጠጋ አለኝና ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣

"ብትነግረኝ እኮ ታይሚንጉን ላንተው ቤንዚን አስተካክለው ነበር። እስኪጀመር ሞተሯን እናሞቃት ነበር። ያንተውም ቢሆን ባሸነፈ ነበር። ለምን አልነገርከኝም?" አለ።

መልሱን አውቀው ነበር፣ ግን ከአፌ አልወጣም። ትንሽ ጠበቀኝ፣ እውነትም መልስ የሚጠብቅ ሰው እንደሚጠብቅ። ከዚያ ቤንዚኑን መሬት ላይ ደፋውና እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ለማንም አልተናገረም። ሁለት ሳምንት አብረን ሠራን፤ ኦቦ ዳባ እሱን እምብዛም አይጠይቁትም፣ እኔን በቀን አምስቴ "ኮቱ" ይሉኛል። አፍንጫነቴ ተመለሰልኝ፣ ጭኮውም ተመለሰልኝ። የሚገርመው ግን እጃቸው ላይ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የሚሸተኝ ያ ጣፋጭ ቤንዚን ነበር፤ ላምባም ይሁን ምን መለየት እያቃተኝ በግምት የምመልስበት ቀን ጀመረ። ገና አፍንጫዬ ደህና ሳለ ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሲሳይ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ አዳማ ሄደ። ኦቦ ዳባ ሲሸኙት እጁን ጨብጠው "አይዞህ፣ ሥራ ትለምዳለህ" አሉት። ሥራ ትለምዳለህ! እሱም "እሺ ኦቦ፣ ገለቶማ" ብሎ አመሰገናቸው።

ኦቦ ዳባ ከሞቱ አምስት ዓመት አለፋቸው። ልጆቻቸው ሌላ ሙያ ስለያዙ ጋራዡን ለእኔ ትተውልኝ ነው የሄዱት፣ የማምነው ሰው ነው ብለው። ልነግራቸው ያሰብኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ታመው አልጋ ላይ ሳሉ አንድ ቀን ጀምሬ ነበር፤ ወሬውን ወደ ካርቡሬተር ቀየርኩት። ያ ልጅ ጎበዝ መስሎኝ ነበር፣ ተሳሳትኩ ብለው ነው የሞቱት።

ሲሳይ አሁን ሰው ሁሉ የሚያውቀው መካኒክ ሆኗል። ስለ ሞተር የሚያስረዳባቸው አጫጭር ቪዲዮዎች አሉት፣ ብዙ ሰው ያየዋል። ጥፍሩ አሁንም የተቆረጠ ነው። ሁሉንም አይቻቸዋለሁ፣ አንዱንም አላለፍኩም፤ አንዴም ወድጄዋለሁ ብዬ ተጭኜ ግን አላውቅም። ስለ ኦክቴን የሠራውን ሦስቴ ነው ያየሁት። "ትዕግሥት ነው" ሲል ስልኩን ዘጋሁት። ይኸው እስከ ዛሬ እቀናለሁ፣ ምን ይደረግ።

ትናንት ሌንሳ ሥራ ጨርሳ እጇን ስትታጠብ ጠራኋት። የመምህሩ ነገር በመካከላችን እንደ አጥንት ተቀርቅሮ ቀናት አለፉት፤ እሷም አኩርፋለች፣ እኔም። ከማደያ የመጣ ጀሪካን ነበር። ከፍቼ የእጄን ጀርባ ዘረጋሁና ጠብ አደረግኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። እጄን ወደ እሷ አስጠጋሁት።

"አሽቺልኝ" አልኳት። "እኔ አይሸተኝም። ኮሮና ከያዘኝ ጀምሮ ምንም አይሸተኝም።"

እጄ ላይ ጎንበስ አለች። የጸጉር መሸፈኛዋን ብቻ ነው የማየው። እስክትናገር ድረስ ያለችው ጊዜ ረጅም ናት፤ ምንም ብትለኝ ከማመን ሌላ የማደርገው የለም። ኦቦ ዳባ በየቀኑ፣ አምስቴ፣ እዚህ ቦታ ቆመው ነበር ለካ። እኔ ያን ጊዜ ያየሁት የራሴን ሹመት ብቻ ነው።

"ንጹህ ነው" አለች ቀና ብላ። ከዚያ ተቆጣች። አራት ዓመት ሙሉ የሰው ታንክ በግምት ስንሞላ ኖረናል ማለት ነው አለች፤ እውነቷን ነው። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

አሥር ዓመት ሙሉ ያልወጣው መልስ አፌ ላይ መጣ። የሚገባው ለእሷ አልነበረም፣ አዳማ ላለ ሰው ነበር፤ ቢሆንም የጠየቀችኝ እሷ ናት።

"ቀንቼ ነው" አልኳት።

ጨርቁን እጇ ላይ እንደያዘች ቆመች። "በእኔ?" ብላ ሳቅ አለች፣ የቀለድኩ መስሏት።

"በአንቺም" አልኳት።